መብራት ሲጠፋ የተማርነው ኬሚስትሪ

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ኬሚስትሪን የምንማረው በፕላዝማ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ የስክሪኑ አስተማሪ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ «ይህን ሥሩ» ይልና እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን አሳይቶ ያልፋል። የኬሚካል ቦንድ ምዕራፍም እንዲሁ ሊያልፈን ነበር፤ ደግነቱ መብራት ይጠፋ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በፉጨት ይናወጣል። ጥግ ላይ ቆመው የነበሩት ቲቸር ግን የሚጠብቁት ያንን ነው። አንድ ቀን ነጭና ቢጫ ጠመኔ ይዘው ወደ ሰሌዳው መጡ። ሶዲየም ዙሪያ አንድ ቢጫ ነጥብ፣ ክሎሪን ዙሪያ ሰባት ነጭ ነጥቦች አኖሩ። ከዚያ ቢጫዋን በመዳፋቸው ጠርገው ክሎሪኑ ጎን ጻፏትና «በቃ፣ ጨው ይኸው» አሉ። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን እንደሚሰጥ ሸምድደን እናውቅ ነበር፤ ሲሰጥ ያየነው ግን ያን ቀን ነው።

መስጠትና መቀበሉ ቀላል ነበር። ያስቸገረን መጋራቱ ነው። ሁለት ክሎሪኖች ሲገናኙ ሰባትና ሰባት አሥራ አራት ነው። ሁለቱም ስምንት ስምንት እንዲሞሉ ግን አሥራ ስድስት ያስፈልጋል። ሁለቱ ከየት መጡ?

ቲቸር ፊት ወንበር የተቀመጠውን ልጅ «በቤታችሁና በጎረቤታችሁ መካከል ስንት አጥር አለ?» ብለው ጠየቁት።

«አንድ።»

«የማን ነው?»

«የእኛም የእነሱም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው መሀል ያሉትን ሁለት ነጥቦች ከበቡና አንዴ ለግራው፣ አንዴ ለቀኙ ቆጠሩልን። ስምንት፤ ስምንት። ኮቫለንት ቦንድ ማለት ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሞለኪውል መሣል አመል ሆነብን። ሰማያዊ እስክሪብቶ ለአንዱ አተም፣ ቀይ ለሌላው፤ የደብተር ጀርባ የቀረ የለም። የኔ ተወዳጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አራት፣ ስድስትና ስድስት፤ ድምሩ 16። ኦክስጅኖቹን በነጠላ መስመር አያይዘህ ቀሪውን ስታድላቸው እነሱ ይጠግባሉ፤ ካርቦን ግን አራት ብቻ ይዞ መሀል ላይ ይቀራል። ያኔ ከየኦክስጅኑ አንድ ጥንድ ወደ መሀል ትስባለህ። ሁሉም ስምንት ይሞላል፤ ድምሩም 16 እንዳለ ነው። ከማንም ሳይጎድል ሒሳቡ እንዲህ ሲዘጋ የሚሰማኝ ደስታ ከእግር ኳስ ጎል አያንስም ነበር፤ ያውም ጎል ብዙ ጊዜ አላገባም።

ናይትሮጅን ደግሞ ከኋላ ወንበር ያሉትን የገበሬ ልጆች ቀና አደረጋቸው። ሁለት ናይትሮጅኖች ሦስት ጥንድ ካልተጋሩ ስምንት አይሞሉም። አየሩ ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ አባቶቻቸው ዩሪያ በጆንያ የሚገዙት፣ ሰብሉ ያን ሦስት መስመር በራሱ መበጠስ ስለማይችል ነው። ፋብሪካው የሚበጥሰው በብዙ ሙቀትና ግፊት ነው።

የሥዕሉን ባለቤት ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1902 ለጀማሪ ተማሪዎች ለማስረዳት ሲል አተምን እንደ ኩብ አድርጎ፣ ኤሌክትሮኖቹንም በስምንቱ ማዕዘን ላይ አስቀምጦ ሣለ። በ1916፣ በርክሌይ ሳለ ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ቦንድ ሁለት አተሞች የሚጋሩት የኤሌክትሮን ጥንድ ነው አለ። «ኮቫለንት» የሚለውን ስም በ1919 ያወጣው ላንግሙየር በሌላ ሥራው ኖቤል ሲሸለም፣ ሉዊስ ደጋግሞ ታጭቶ ሳያገኝ በ1946 ሞተ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እንደ ዘመድ ነገር።

እዚያው ዩኒቨርሲቲ ፈሳሽ ኦክስጅን በማግኔት ጫፎች መካከል ሲፈስ በቪዲዮ አሳዩን። ሰማያዊው ፈሳሽ ማግኔቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በነጥቦቹ ሥዕል ግን የኦክስጅን ኤሌክትሮኖች በሙሉ የተጣመሩ ናቸው፤ ማግኔት ሊስባቸው አይገባም። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ዘጠነኛ ክፍል ዋሽተውናል ማለት ነው?» አለ። አልመሰለኝም፤ አሁንም አይመስለኝም። ኦክስጅን ላይ ሳይጋሩ የቀሩት ሁለት ጥንዶች ውኃን ለምን እንዳጎበጧት በእርሳስ ጫፍ የሚያሳይ ሥዕል፣ የማግኔቱን ነገር ባያውቅ ምንም አይደል።

ደግሞስ ነጥቦቹ ሁልጊዜ እንደማይታዘዙ ገና ያኔ አይተን አልነበር? አንዱ ነገረኛ ጓደኛችን ናይትሪክ ኦክሳይድን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ይዞ መጣ። አምስትና ስድስት 11። ጥንድ ጥንድ አድርገን አንዷ ተረፈች። ወደዚህ ብንወስዳት ያኛው ሰባት፣ ወደዚያ ብናሻግራት ይኸኛው ሰባት። ልጁ ተነሥቶ «ታዲያ አሥራ አንደኛዋ የት ትግባ?» ብሎ ጠየቀ። ቲቸር ሳቅ ብለው ነጥቧን ናይትሮጅኑ ራስ ላይ ብቻዋን አቆሟትና «እዚሁ ትሁን፤ እንዲህ ያለው ግን አርፎ አይቀመጥም፣ አየር ላይ ኦክስጅን ሲያገኝ ይያያዛል» አሉ።

ልጁም አርፎ የሚቀመጥ አልነበረምና ስሙ «አሥራ አንድ» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶም በአዲስ ቁጥር ሲደውልልኝ «አሥራ አንድ ነኝ» ነው የሚለው።