የዳቦ ቤት ፈረንሳይኛ፦ ለምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች



ዘንድሮ ከጀመዓችን ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት ለተግባር ልምምድ ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ ቪዛ እየጠበቁ ነው። እኔ አምና ሊዮን ከተማ ሦስት ወር ቆይቼ ስለመጣሁ ሦስቱም በየተራ ጠየቁኝ። የጠየቁኝ ስለ ላብራቶሪው አይደለም። «እዚያ ምን ትበላ ነበር?» ነው ያሉኝ። መልሴ አጭር ነው፤ ዳቦ። ዳቦውን ለመግዛት ግን ጥቂት ፈረንሳይኛ ያስፈልጋል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ተጨማሪ። ለሦስቱ ከምደጋግመው ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ዳቦ ቤቱ «ቡላንዠሪ» ይባላል። ገብታችሁ ከምንም በፊት «ቦንዡር» ትላላችሁ፤ ሲመሽ «ቦንሷር»። ሻጯን «ቦንዡር ማዳም»፣ ሻጩን «ቦንዡር መስዩ»። ሰላም ሳይሉ ዳቦ ስጡኝ ማለት እነሱ ዘንድ ነውር ነው። በሰላምታ ላደግን ለእኛ ይህ ከባድ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ቋንቋው ስለሚያስፈራን ብዙዎቻችን አንገት ደፍተን በጣት እናሳያለን። ሰውየው የሚቀየመው ከአነጋገር ስህተቱ ይልቅ በዝምታው ነው። ከሰላምታው በኋላ «ዩን ባጌት፣ ሲል ቩ ፕሌ»፤ አንድ ባጌት፣ እባክዎ። ያን ጊዜ «ኤ አቬክ ሰሲ?» ትላችኋለች፤ ሌላስ ምን ልጨምር ማለቷ ነው። በቃኝ ከሆነ «ስ ስራ ቱ፣ ሜርሲ» በሏት። ስትወጡ «ቦን ዡርኔ፣ ኦ ርቯር»። ዋጋው አንድ ዩሮ ገደማ ስለሆነ ሳንቲም ያዙ።

በስሎ ቅርፊቱ የጠነከረውን የሚወድ «ቢያን ክዊት» ይላል፤ ለስለስ ያለውን የሚፈልግ «ፓ ትሮ ክዊት»። ብቻውን ለሚኖር ተማሪ ደግሞ «ዩን ደሚ ባጌት» አለ፤ ግማሹን ቆርጠው ይሸጡላችኋል። ማንም አይስቅባችሁም።

ድምፁ ላይ መድረሳ የቀራ ሰው ዕድለኛ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ስንት ዓመት የተማርኩት እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ብዙም አልጠቀመኝም። «ሜርሲ» ውስጥ ያለው «ር» በምላስ ጫፍ አይወጣም፤ ገይን ከሚወጣበት አካባቢ ነው የሚመጣው፤ ኡስታዛችን ጉሮሯችንን በጣታቸው እያሳዩ ያስደጋገሙን ቦታ። ዳቦ «ፓን» ሲባል ደግሞ «ን» ሙሉ አትነገርም፤ ምላስ ላንቃን ሳይነካ ድምፁ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ኢኽፋእ የተማረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቁርኣንን ከገበያ ቋንቋ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ አስተውፊሩላህ፤ ምላሴን ያሰለጠነው እሱ ነው ማለቴ ነው። ደግሞ ድሬዳዋ ላደገ ሰው ፈረንሳይኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ለገሃር የምንለው «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ። ሹፌር፣ ቢሮ፣ ጋራዥም ከዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ተራው ባጌት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ከሱ ከፍ ያለው «ትራዲስዮን» የሚባለው ደግሞ በ1993 በወጣ የመንግሥት ድንጋጌ የተጠበቀ ነው፤ ሊጡ በረዶ አይደረግም፣ ማጣፈጫም ሆነ ማቆያ ኬሚካል አይገባበትም፤ የሚፈቀደው ከስንዴው ጋር ጥቂት የባቄላ፣ የአኩሪ አተር ወይም የብቅል ዱቄት ብቻ ነው። ስለዚህ በባጌት ወስዋስ አትያዙ። አንድ ወንድም «እርሾው አልኮል ያወጣል» ብሎ ሲጨነቅ አገኘሁትና «የእናትህ እንጀራስ ሳይቦካ ነው እንዴ የሚጋገረው?» አልኩት።

ጥያቄ የሚያስፈልገው ከባጌቱ ጎን፣ መስታወቱ ውስጥ ለተደረደረው ነው። «ዣምቦን» እና «ላርዶን» ሁለቱም አሳማ ናቸው፤ «ኪሽ ሎሬን» የሚባለው እንቁላልና ክሬም ያለበት ጥፍጥፍ ላርዶን አለበት። ወደ ኦቨርኝ በኩል የምትሄዱ «ግራቶን» የሚል ቃል ካያችሁ ተዉት፤ ብሪዮሽ የሚባለው ለስላሳ ዳቦ ውስጥ የአሳማ ስብ ጥብስ የሚከቱበት አለ። «ሳንዱ» የአሳማ ስብ ነው። «ዤላቲን» በክሬም ኬኮች ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ከአሳማ ነው። «ባባ ኦ ሮም» ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሮም የተባለው መጠጥ ነው። በጃንዋሪ የሚሸጠው «ጋሌት ዴ ርዋ» የተባለው ኬክም የለውዝ መሙያው ላይ ሮም ጠብ የሚያደርጉ ጋጋሪዎች አሉ። ክሯሳን «ፑር በር» ከተባለ ስቡ ቅቤ ብቻ ነው።

የሚጠየቀው እንዲህ ነው፦ «ኤስ ኪል ያ ድዩ ፖር ደዳን?» ውስጡ አሳማ አለበት ወይ? በ«ፖር» ቦታ «ሳንዱ»፣ «ደ ላ ዤላቲን» ወይም «ደ ላልኮል» እያላችሁ ለየብቻ ጠይቁ፤ አሳማ የለበትም ያለቻችሁ ሻጭ ዤላቲኑን ላታስበው ትችላለች። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አትመኑ። የአውሮፓ ሕግ እንዲነገር የሚያስገድደው አለርጂ የሚያመጡ 14 ነገሮችን ነው፤ ግሉተን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ የመሳሰሉትን። አሳማና አልኮል ከነሱ ውስጥ የሉም። የትኛው ይበላል የትኛው አይበላም የሚለው የኡስታዞች ነው፤ እኔ የማስተምራችሁ ጥያቄውን ብቻ ነው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ማደሪያችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙስሊም ተማሪ ነበር። አንዱ ላለመጠየቅ ሲል ሳምንታትን በተቀቀለ ፓስታ ያሳለፈ፣ ሌላው ላለመጠየቅ ሲል ያገኘውን የሚበላ። የመጀመሪያው ዘንድ ጥንቃቄ፣ ሁለተኛው ዘንድ ገር መሆን ይባላል። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በሰው ፊት «እኔ ይህን አልበላም» ማለት አፍረዋል። እዚያ አገር እኮ ዳቦ ጋጋሪው ራሱ የኛው አህጉር ሰው ሊሆን ይችላል። የፓሪስ ከተማ በየዓመቱ ምርጥ ባጌት ያወዳድራል፤ አሸናፊው ለአንድ ዓመት ለፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ለኤሊዜ ዳቦ ያቀርባል። በ2010 እና በ2015 ያሸነፈው ጂብሪል ቦዲያን ቤተሰቡ ከሴኔጋል ነው፤ የ2013ቱ ሪዳ ኻዴር ደግሞ ቱኒዚያዊ።

ለእህታችን ለብቻ የምላት አለ። አብራን የነበረች ሒጃብ የምትለብስ አልጄሪያዊት ተማሪ በአንድ ዳቦ ቤት ተራዋ ሲደርስ ሻጯ ከኋላዋ ያለውን ታስተናግድ ነበር። ልጅቷ አልጮኸችም፣ ሱቁንም አልቀየረችም። «ሴ ታ ሟ፣ ማዳም» አለች፤ ተራው የኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ሻጯ ራሷ «ቦንዡር» ብላ ቀደመቻት። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን ያዢ። የ2004ቱ የሒጃብ ክልከላ የመንግሥት አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንጂ ዩኒቨርሲቲንም ሱቅንም አይመለከትም።

የቀረችው የሰኞ ነገር ናት። ዳቦ ቤቶች በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋሉ፤ ሰፈራችን ውስጥ ያሉት ደግሞ ሰኞን መርጠዋል። ሰኞና ሐሙስ የምትጾሙ እሁድ ጠዋት ግዙ፤ ከሰዓት ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። ባጌት አድሮ ድንጋይ ስለሚሆን በዚያው ቀን ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ከመግሪብ አሥር ደቂቃ በፊት ውሃ ረጨት አድርጋችሁ ምድጃ ውስጥ ብታስገቡት አዛን ሲደርስ ትኩስ ነው።