መመዘን ለማስተማር

ፈተና የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍች አለው። በአንድ በኩል መከራንና ችግርን ያመለክታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሰው ዕውቀትና ችሎታ የሚለካበትን መንገድ ይገልጻል። ለአብዛኛው ተማሪ ሁለቱ ፍችዎች የተለያዩ ናቸው፤ የፈተናው ሰዓት ሲያበቃ ጭንቀቱም አብሮ ያበቃል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ግን ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። በአንድ ቀን የተሰጠ ፈተና የዕድሜ ልክ መከራ ሊሆንባቸው ይችላል። ይህ እንዳይደርስ የምዘና ዓላማ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

በመምህርነት በቆየሁበት ከተማ አንዲት ጎረቤቴ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ለማስመዝገብ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወሰደቻት። ልጅቱ ከተፈተነች በኋላ ለእናቲቱ አንድ ወረቀት ተሰጥቷት ሁለቱም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እናቲቱ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች። በወረቀቱ ላይ የልጅቱ ስም፣ የተፈተነችበት ቀንና አንድ ቁጥር ብቻ ሰፍረዋል። ያለውን ሁሉ አነበብሁላት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ነገ ምን ላስተምራት?» ስትል ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ብመለከትም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አልተጻፈበትም።

የሚያስገርመው፣ በዓለም ላይ የታወቁት የአእምሮ ችሎታ መለኪያዎች መነሻቸው ይኸው የእናቲቱ ጥያቄ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 የፈረንሳይ መንግሥት በመደበኛው ክፍል ትምህርት መከታተል ያቃታቸውን ልጆች ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። የኮሚሽኑ አባል የነበረው አልፍሬድ ቢኔ ከሐኪሙ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 ሠላሳ ተግባሮችን የያዘ መለኪያ አዘጋጀ። ዓላማው ልዩ እርዳታ የሚያሻቸውን ልጆች ለይቶ ለእያንዳንዳቸው የሚስማማ ትምህርት እንዲሰጣቸው ነበር። ቢኔ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ችሎታ ከቶ የማይለወጥ ነገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ተቃወመ። ሰውነት በስፖርት እንደሚጠነክር ሁሉ ትኩረትና ትውስታም በልምምድ እንደሚጎለብቱ አስረዳ። ለምሳሌ ያህል፣ ልጆች ምልክት ሲሰጣቸው እንደ ሐውልት ጸጥ ብለው የሚቆሙበት ጨዋታ ትኩረትንና ራስን መግዛትን ለማለማመድ ይውል ነበር።

ቢኔ በ1911 ሞተ። መለኪያው ወደ ሌሎች አገሮች ሲሻገር ግን ብዙዎች ቁጥሩን ይዘው ልምምዱን ተዉት። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች ተጎድተዋል። በተለይ በአሜሪካ የፈተናው ውጤት ሰዎችን «አእምሮ ደካማ» ብሎ ከኅብረተሰቡ ለመለየት አገለገለ። እንዲያውም በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ የተባሉ ሰዎች ያለፈቃዳቸው በቀዶ ሕክምና እንዲመክኑ የሚፈቅደውን የቨርጂኒያ ግዛት ሕግ አጸና። ለማስተማር የተሠራው መሣሪያ የፍርድ መሣሪያ ሲሆን የሚያስከትለው ጉዳት ይህን ያህል ነው።

ታዲያ በጎ ምዘና የምንለው እንዴት ያለ ነው? በመጀመሪያ የልጁ ጆሮ በሚገባ መስማቱን፣ ዐይኑም በሚገባ ማየቱን ያረጋግጣል፤ ጥያቄውን ያልሰማ ልጅ መልሱን እንደማያውቅ ተቆጥሮ ሊቀር ይችላልና። ቀጥሎም አእምሮን እንደ አንድ ጓዳ ሳይሆን ብዙ ክፍሎች እንዳሉት ቤት ይመለከተዋል። ትኩረትን፣ ትውስታን፣ ቋንቋን፣ ቅርጽን አይቶ መለየትንና ሥራን አቅዶ መፈጸምን እያንዳንዱን ለየብቻው ይመረምራል። የሶቭየት ኅብረቱ ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ (1902–1977) በዚህ ረገድ ያስተማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም አንድ ዓይነት ስሕተት ከብዙ ምክንያቶች ሊመነጭ መቻሉ ነው። አንድ ልጅ የተነገረውን ቃል መጻፍ ቢያቅተው፣ ምናልባት ተቀራራቢ ድምፆችን አልለየ ይሆናል፤ ምናልባት ቃሉን ጽፎ ሳይጨርስ ረስቶት ይሆናል፤ ምናልባትም ጣቶቹ አልታዘዙለት ይሆናል። በፈተናው ወረቀት ላይ ሦስቱም ዜሮ ናቸው። መምህሩ ሊያደርግ የሚገባው ግን በሦስቱም ላይ የተለያየ ነው።

ከዚህም በላይ በዛሬው የሙያው ስምምነት መሠረት አንድ ሰው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት ለማለት የፈተና ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ልብሱን ለብሶ መውጣቱ፣ ከሱቅ ገዝቶ መልስ መቀበሉ፣ ከመኪና ራሱን መጠበቁና ከሰው ጋር ተግባብቶ መኖሩ ሁሉ አብሮ መታየት አለበት።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር የተፈታኙ ቋንቋና አኗኗር ነው። ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 በኡዝቤኪስታን ባደረገው ጥናት ላልተማሩ ገበሬዎች የመዶሻ፣ የመጋዝ፣ የግንድና የመጥረቢያ ሥዕሎች አሳይቶ ከአራቱ የማይዛመደውን እንዲለዩ ጠየቃቸው። ፈታኙ የጠበቀው ግንዱ እንዲወጣ ነበር። ገበሬዎቹ ግን ግንዱ ከሌለ መጋዙና መጥረቢያው ምን ይሠራሉ በማለት አራቱም እንዲቆዩ ፈለጉ። በእነርሱ አኗኗር ሲታይ ይህ መልስ ስንፍናን አያሳይም።

ይኸው ጥያቄ ከጊዜ በኋላ የእኛን አገር ልጆችም ነክቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ ልጆቻቸው ለማያውቁት ዓይነት ፈተና ተቀመጡ። በሩማንያ ተወልዶ በእስራኤል የሠራው ሩቨን ፎየርሽታይን (1921–2014) ከዚያ በፊት የቀየሰው ሌላ የምዘና ዘዴ ነበረው፤ ይኸውም ፈትኖ፣ ጥቂት አስተምሮ፣ እንደገና መፈተን ነው። በዚህ ዘዴ በተመዘኑት ኢትዮጵያውያን ልጆች ዘንድ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት ከአጭር ትምህርት በኋላ በጉልህ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የመጀመሪያው ፈተና የሚነግረን ልጁ እስከ ዛሬ የተማረውን ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ምን ያህል ሊማር እንደሚችል ይጠቁመናል።

የጎረቤቴ ልጅም በኋላ ሙያውን በተማረ ሰው ዘንድ በትዕግሥት ተመዘነች። ሦስት ትእዛዝ በተከታታይ ሲነገራት ሁለተኛው ላይ እንደምትቆም፣ ያየችውን ግን ከሰማችው ይልቅ አስተካክላ እንደምታስታውስ ታወቀ። እናቲቱም ቄጠማ መጎዝጎዝን፣ ሲኒ ማጠብን፣ ረከቦት ማቅረብንና ሲኒ መደርደርን የሚያሳዩ አራት ሥዕሎች በቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ለጠፈችላት። ልጅቱ ሥራውን እየለመደች ስትሄድ ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ሥዕል አራቱንም ትሠራ ጀመር፤ እንግዳም ሲመጣ ሰዉን ቆጥራ በልኩ ሲኒ ትደረድራለች። ፊደል ግን ገና አልለየችም።

ይህን የምገልጸው አእምሮን የሚያነቃቃ ልምምድ ሁሉን ነገር ይፈውሳል ለማለት አይደለም። ሥዕል የማዛመድ ጨዋታ ዘወትር የሚጫወት ልጅ በዚያው ጨዋታ ይበረታል፤ ብርታቱ በራሱ ጊዜ ወደ ገበያውና ወደ ማዕድ ቤቱ ይሻገራል ማለት ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ከዕለት ኑሮ መሐል ቢመረጥ፣ ከባዱ ሥራ በትንንሽ ደረጃዎች ቢከፋፈል፣ እርዳታውም ልጁ በቻለ መጠን ቀስ እያለ ቢቀነስ ይመረጣል።

እናንተ ተማሪዎች ነገ መምህራን፣ ሐኪሞች ወይም ወላጆች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ የአንድ ልጅ የምዘና ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ ከቁጥሩ አልፋችሁ፣ ልጁ አሁን ብቻውን የሚችለው ምን እንደ ሆነ፣ በሰው እርዳታ የሚችለው ምን እንደ ሆነና እርዳታው በምን መልክ እንደሚሰጥ ፈልጉ። እነዚህ ከሌሉበት ምዘናው ገና አላለቀም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእግሩ የሚሄደው ግን የምትታቀፈው ዶሮ ስትኖር ነው።