ከጮቄ የመጣው ሳል

ከአዲስ አበባ ተነስተው የዓባይን በረሃ ወርደው ሲወጡ የጎጃም ደጋ ደጀን ላይ ይቀበልዎታል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ደብረ ማርቆስ ነዎት፤ የዱሮዋ መንቆረር። በስተሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ አለ። ነፋሱ የሚወርደው ከዚያ ነው፤ በጋም ቢሆን ጋቢ አይጠላም። ከተማዋን ያወቅኳት ፋርማሲ ስማርባት ነው።

አራተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ሁለት ሁለት አድርገው አወዳደሩን። ሥርዓቱን የቀዱት የአሜሪካ የጤና ተቋማት ፋርማሲስቶች ማኅበር ከሚያዘጋጀው የተማሪዎች ውድድር ነው፦ የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ይሰጥዎታል፣ በሁለት ሰዓት የሕክምና ዕቅድ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ዳኞች ፊት ይቆማሉ። እሳቸው ደግሞ ሕመምተኛውን ሆኖ የሚተውን ሰው ጨመሩበት።

ጓደኛዬ ፊደል ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ደብረ ኤልያስ ቅኔ የቆጠረ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ያለፉበት ጉባኤ ነው። እዚያ ተማሪው ቀኑን በየዛፉ ሥር ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ያልሰመረው ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል፤ አንዳንዴም ይሳቅበታል። ውድድር አይባልም እንጂ የኛው ከዚያ አይከብድም።

የደረሰን ሕመምተኛ የስናን ገበሬ ነው። ስድስት ሳምንት ደረቅ ሳል፤ ትኩሳት የለ፣ ክሳት የለ፣ የአክታ ምርመራው ነጻ። ተዋናዩ «ብርድ ነው የመታኝ፤ ፌጦውንም ማሩንም ሞከርኩት። ሽሮፕ ስጡኝ» አለ። የጮቄን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ በቂ ነበር። ጓደኛዬ ግን እንደ ቅኔ ሰማው መሰለኝ፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን ፈለገ።

«አባቴ፣ ብርዱ ሳይመታዎ በፊት የጀመሩት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም። የደም ግፊት ክኒን እንጂ።»

ኤናላፕሪል ነበር። ማስረዳቱ የኔ ድርሻ ሆነ፦ መድኃኒቱ የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የተባለውንም ንጥረ ነገር የሚሰባብር ነው፤ ሲታገድ ንጥረ ነገሩ ይከማችና የመተንፈሻ አካልን ይቆጠቁጣል። ሽሮፕ አያድነውም። ሐኪሙ እንደ ሎሳርታን ባለ ሌላ መድኃኒት ሲተካው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይተዋል። በራሱ ፈቃድ ካቋረጠው ግን ግፊቱ ተመልሶ ለስትሮክ ሊዳርገው ይችላል።

ከዳኞቹ አንደኛዋ «ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ባዶ እጁን ልትሸኙት ነው?» አሉ። ለሐኪሙ የጻፍነውን ወረቀት አሳየናቸው፤ ሰውየው ሳይሄድ ስልክ እንደምንደውልም ነገርናቸው። ዝም ብለው ጻፉ።

ሁለተኛ ወጣን። አንደኞቹ የመድኃኒት መጠን ሲያሰሉ ይበልጡናል፤ ይገባቸዋል። ጓደኛዬ ዛሬ ጮቄ ሥር ባለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ያድላል። በገበያ ቀን ሰልፉ ረጅም ነው፤ ብርድ የመታውም ብዙ።