እሹሩሩ በመርከብ ላይ

ለሮክቪል ሐበሻ የመዝናኛ መርከብ ሩቅ አይደለም፤ ከባልቲሞር ወደብ ይነሳል። አብዛኞቹ መርከቦች ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይሳፍሩም። ስድስት ወር ከሞላው ግን እሱም መንገደኛ ነው፣ ያውም ክፍሉን በሙሉ የሚያዝ መንገደኛ። ባል፣ ሚስት፣ አያት፣ ሻንጣ፣ መሀል ላይ ደግሞ ተጣጣፊ የሕፃን አልጋ። እሱ ከተዘረጋ ወዲያ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው።

«ስጪኝ፣ ልዘለው» ይላሉ አያቱ፣ እማማ።

«እማዬ፣ ሐኪሙ በጀርባው፣ ለብቻው ይተኛ ብሎናል።»

«ጋቢስ?»

«አይሆንም።»

«ትራስስ?»

«እሱም አይሆንም።»

«ወይ ጉድ! ይሄ ታሰረ እንጂ ተኛ ይባላል?»

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም የሚመክረው ይህንኑ ነው፦ ቢያንስ እስከ 6 ወር ከወላጅ ጋር አንድ ክፍል፣ ግን የየራስ አልጋ። እኔ ለእንቅልፉ ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ፤ ሲነቃ ግን የእማማን ጀርባ የሚያህል የለም።

ክፍል ስትመርጡ መስኮት አልባውን አትናቁ። ርካሽ ነው፤ መብራቱ ከጠፋ በእኩለ ቀንም ዓይን ቢወጉ አይታይም፣ ሕፃን ደግሞ ጨለማ ይወዳል። በረንዳ ያለው ወላጅን ይጠቅማል፤ ልጁ በጊዜ ሲተኛ ውጭ ተቀምጦ ማውራት ይቻላል።

እራት በፈረቃ ነው። እማማ ግን «ሁለታችሁም ሂዱ፣ እኔ አለሁ» ይላሉ። ባልና ሚስት ጣፋጩን ሳይጨርሱ ሲመለሱ ልጁ አያቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ይስቃል፤ እማማም «አሁን ገና ነቃ» ይላሉ።