ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት

በጓሳ ደጋ የአንድ በልግ ዝናብ ከመዝገብ ጠፍቷል። ዝናቡማ ዘንቧል፤ ገብሱም በቅሏል። ባዶ የሆነው ፋይሉ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት ለመንዝ ወጣቶች ስልክ አድሎ የዝናቡን ልክ፣ የገብሱን ቡቃያና የጓሳውን ሣር ይዞታ በየቀኑ እንዲመዘግቡ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም። ጓሳን ለዘመናት ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ነው፤ ሣሩ እስኪደርስ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፣ መቼ እንደሚከፈት የሚመክሩበትም የአገር ሽማግሌዎች ነበሩ። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። የሰማዩንና የሣሩን ጠባይ በቃላቸው የያዙት አዛውንቶችም እያለፉ ነው። የእነሱን ዕውቀት ባይተካ እንኳ የሚደግፍ መዝገብ ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም።

ስልኩ ላይ የተጫነው መተግበሪያ ቀኑን የሚያስመርጠው በእኛ አቆጣጠር ነው። የሚያስቀምጠው ግን ምንም ሳይቀይር፣ ለፈረንጅ ቀን በተዘጋጀ ቦታ ላይ ነው። መስከረም 5 አንደኛው ወር፣ አምስተኛው ቀን ሆኖ በሰላም ያልፋል። ጥቅምት 30 ግን ሁለተኛው ወር፣ ሠላሳኛው ቀን ይሆናል፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ደግሞ 28፣ ቢበዛ 29 ቀን ነው ያለው። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይወድቃል። ጳጉሜን ላይማ አስራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት ጭራሽ ይደነግጣል። በዓመት ውስጥ የሚሰናከልባቸው ቀኖች ሰባት ገደማ ናቸው፤ በቀሩት ቀናት የሚሞክረው ሰው ሁሉ «ይሠራል» ብሎ ይመሰክራል።

አንዱ መዝገብ ሲሰናከል ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ይቆማል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ልጆቹ የሞሉት እዚያው ስልኩ ውስጥ ይከማቻል፤ የኅዳር ውርጭ፣ የጥር ፀሐይ፣ ከዚያም በልጉ። ቢሮ ያሉት «ኔትወርክ ነው» አሉ። ጓሳ ላይ ኔትወርክን ማማት ቀላል ነው፤ ጉም አለ፣ ገደል አለ፣ ማንም አይከራከርም። ግንቦት ላይ አንድ ባለሙያ መጣና ለመፍትሔው ደቂቃ አልፈጀበትም፦ አጥፉትና እንደገና ጫኑት። ጫኑት፤ ሠራ። ያልተላከው የወራት መዝገብና ኤረሩን ሊናገር የሚችለው ሎግ አብረው ጠፉ። ሁሉም ደስ አለው። መዝገቡ ባዶ የሆነበትን ልጅ ግን «ሳትሠራ አበል በላህ» አሉት።

ቁጭቱ የሚያንገበግበኝ ዛሬ ነው። ሴንትሪን የመሰሉ ኤረር ሰብሳቢዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ላይ አቆይተው ሲመለስ ይልካሉ። አዲሱ ነገር አንባቢው ነው። ኤምሲፒ የተባለውን ማገናኛ የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ይፋ ካደረገ ወዲህ አንድ የኤአይ ኤጀንት በቀጥታ ከኤረር መዝገቡ ጋር ይገናኛል። የኤረሩን መለያ ሰጥተህ «ምን ሆነ?» ስትለው ኮዱ የወደቀበትን ፋይልና መስመር፣ የመተግበሪያውን ስሪት፣ የስልኩን ዓይነት፣ ተጠቃሚው ከመውደቁ በፊት የነካካውን ሳይቀር ያመጣል። ስንት ሰው ላይ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደደረሰ ይቆጥራል። ቀድሞ አንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ቀኑን ሙሉ ሎግ ሲያገላብጥ የሚውልበት ሥራ ነው።

የዚያን መተግበሪያ ኮድ ከአንድ ወዳጄ አግኝቼ በቅርቡ ሞከርኩት። ኤረር ሰብሳቢ ገጠምኩለትና ጳጉሜን 1ን ሞላሁ። ኤጀንቱ ሻይዬን ሳልጨርስ ይዞልኝ የመጣው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ይላል። የ13 ወር ፀጋ እያልን ቱሪስት ስንጠራ የኖርን ሰዎች! ችግሩን ለማስተካከል የሚበቃው በጣት የሚቆጠር የኮድ መስመር ነው። የመንዙን በልግ ለመመለስ ግን ኤጀንቱ ምንም አይችልም፤ የተቀመጠውን ያነባል እንጂ የተደመሰሰውን አያስነሣም።

ይህ የአንድ ድሃ ፕሮጀክት ጉድ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡ አሳድሯል፤ ባንኩ በኋላ እንደገለጸው የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ነበር። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስም ዝርዝር ለአገር ተለጠፈ። ስለ ኤረሩ ለሕዝብ የተነገረው ደግሞ በጥገናና በፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑ ነው። ገንዘቡን ማስመለስ አግባብ ነው፤ ዋናው ክፍል ተመልሷልም። የትኛው ለውጥ የትኛውን ማጣሪያ እንዳለፈ በዝርዝር ተጽፎ ቢወጣ ግን የዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒውተር ተማሪዎች ከየትኛውም የውጭ መጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ባገኙ ነበር። እኛ ዘንድ ጥፋተኛ ሰው ይፈለጋል፤ ጥፋቱ ራሱ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ያን አበል በላህ የተባለውን ልጅ ደብረ ብርሃን አግኝቼው ነበር። የቀን መቁጠሪያውን ነገር ስነግረው ብዙም አልገረመው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጥቅምት ላይ ቆመ፣ ደግሞ ጳጉሜን ላይ ቆመ ብያቸው ነበር» አለኝ። «ኔትወርክ ነው አሉኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ወር ስልኩ ላይ ብቻ ነበር የምትሞላው?»

«አይ፣ ስልኩን ስላላመንኩት በደብተርም እጽፍ ነበር። በልጉ ሁሉ አለ።»

ደብተሩ የት እንዳለ ጠየቅኩት። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ከስልኩ ጋር አስረክቧል። ደረሰኝ የተቆረጠለት ለስልኩ ብቻ ነው።