ማዕረግ የተሰጠው ብር

አገራችን ማዕረግ የምትወድ አገር ናት። ድሮ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» ካልቀደመው የሰው ስም ብቻውን ሲጠራ አንዳች ነገር የጎደለው ይመስለናል። እኔም የዚሁ ልማድ ተጠቃሚ ነኝና ከዳር ቆሜ ልተች አልችልም። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን የሰውን ሳይሆን የሳንቲምን ማዕረግ ነው። ጉዳዩ የባለጸጎች ጨዋታ ብቻ የሚመስላችሁ አንባብያን ጥቂት ታገሡኝ።

በዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር፣ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራውን ድልድይ ተሻግሬ ወደ መርካቶ ስሄድ ጎራ የምልባቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ አሉ። ጠገራ ብር፣ የአንገት መስቀልና አሮጌ ሳንቲም ይሸጣሉ። ባለፈው ጊዜ ከመሀረብ ፈትተው ያሳዩኝ በ1964 ዓ.ም. የተመታ ባለ አምስት ብር የብር ሳንቲም ነበር። በሎሚና በአመድ ታሽቶ ያብረቀርቃል።

«አባባ፣ ማን እጠቡት አለዎት?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ከውጭ የሚመጡት ልጆች ‹ስንት ነጥብ ያወጣል?› እያሉ ይጠይቁኛል። የቆሸሸ ነገር ምን ነጥብ ያወጣል?» አሉኝ።

መልሳቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። የነጥቡ ወሬ መርካቶ ደርሷል፤ የነጥቡ ሕግ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህ ነጥብ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ለአገሩ የጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኤን.ጂ.ሲ. የተባሉ ድርጅቶች ተመሥርተው፣ ሳንቲምን መርምረው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ማሸግን ትልቅ ሥራ አደረጉት። «ፕሩፍ» የሚባለው ግን የነጥብ ስም ሳይሆን የአሠራር ስም ነው። የማተሚያው ብረትና ጥሬው ክብ ብር አስቀድመው ይወለወላሉ፤ ምቱም ከአንድ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ስለዚህ ሜዳው እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል፤ ምስሉ ደግሞ አመዳይ እንደ ወረደበት ነጣ ይላል። ይህ ልዩነት ጎልቶ ሲታይ ሳንቲሙ «ካሜኦ»፣ እጅግ ሲጎላ ደግሞ እንደ ድርጅቱ «ዲፕ ካሜኦ» ወይም «አልትራ ካሜኦ» የሚል ተቀጽላ ይጨመርለታል።

በእኛም አገር በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ሳንቲሞች፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የቴዎድሮስ፣ የዮሐንስ፣ የምኒልክ፣ የዘውዲቱና የራሳቸው የኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው የብር ሳንቲሞች በዚህ አሠራር ተመትተዋል። በ69 እና በ70 መካከል ያለው ልዩነት ለተራ ዓይን አይታይም፤ በዋጋው ላይ ግን በጣም ይታያል። ፈተናው የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ባለንብረቱ ትንሽ ጥላሸት ባየ ቁጥር እጁ ወደ ጨርቅ ይሄዳል። መስተዋቱ ላይ ያለፈ ጨርቅ ግን ፀጉር የመሰለ ጭረት ይተዋል፤ አመድማ የባሰ ነው። መርማሪውም ያንን ጭረት ሲያይ ነጥቡን ነፍጎ «የታጠበ» ብሎ ይጽፍበታል። እንግዲህ ማዕረጉ ሕጉን ለሚያውቅ ሰው ጠባቂ ነው፤ «አትንካው» ይለዋልና። ወሬውን ብቻ ለሰማ ሰው ግን አጥፊ ነው፤ «አብራው» ያለው ይመስለዋልና።

ጉዳቱ በንጉሡ ዘመን ሳንቲም አያበቃም። የአክሱም ነገሥታት አንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞቻቸውን በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ በስሱ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ያን ወርቅ ለመግፈፍ አንድ ቀን የሚያሻሽ እጅ ይበቃል።

በሌላ በኩል ነጥቡ ራሱ የማያየው ነገር አለ። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታ የምኒልክ ብር ቀለበት ተበይዶለት በአንዲት ሴት አንገት ላይ ዕድሜ ልኩን ቢኖር፣ በመርማሪው ዘንድ ስሙ «ጉዳት የደረሰበት» ነው። ለእኛ ግን ያ ብየዳ ብር በአገራችን ገንዘብም ጌጥም እንደ ነበረ የሚናገር ምስክር ነው። ነጥብ ገላን ይመዝናል፤ ታሪክን አይመዝንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩሌ ማዕረጉን እንጣለው አልልም፤ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ይረዳልና። ነገር ግን ሳንቲም ያለው ሰው አይጠበው፤ በጣቱ ፊቱን ሳይሆን ጠርዙን ይያዝ፤ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ዝቃጭ በሚያወጣ ለስላሳ ፕላስቲክ አያስቀምጠው፤ ሣጥንና ወረቀት ካለው አይጣለው። ከሁሉ በላይ ከማን እንዳገኘው፣ የማን እንደ ነበረ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ይጻፍ። ለምርመራ ወደ ውጭ መላክ ያሰበም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ እንደሚከለክል ያስታውስና አስቀድሞ ይጠይቅ። እኛ መምህራን ደግሞ ሕጉን በአማርኛ አስረድተን ወሬው የደረሰበት ድረስ ማድረስ ይጠበቅብናል።

አዛውንቱን ብቻ መውቀስ አይቻለኝም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ምስል ከገንዘባችን ላይ ሲያነሣ የሠራው ከዚህ ይለያልን? ከዚያ ወዲህም በመጣው ሥርዓት ሁሉ ታሪካችንን የሚያሽ ሰው አላጣንም፤ አንዱ ደሙን፣ ሌላው ክብሩን ያጥብለታል፤ ሁሉም «እንደ አዲስ ያብራ» ይላል። ከውጭ ነጥብ ሰጪ ሲመጣማ ጥድፊያችን ይብሳል። መቶ ዓመት ሲጠቁር የኖረ ብር ግን ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፤ ከታጠበ በኋላ የሚመልሰው ጥበብ እስካሁን አልተገኘም።

ቸር ይግጠመን።