የአልጋ ጎረቤቴ

በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አብረን ከተማርነው መካከል ሰባታችን ባለፈው ጥቅምት በአንዲት ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ዋልን። እቴጌይቱ ለሴቶች ልጆች ያቆሙት ያ ቤት ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የካቲት 12 ተብሎ ቢሰየምም፥ እኛ ግን ዛሬም በቀድሞ ስሙ እንጠራዋለን። ጨዋታችን እንደ ዕድሜያችን ነበረ፤ አንዲቱ ስለ ዓይኗ ሞራ፥ ሁለተኛይቱ ቶሮንቶ ስለሚኖረው የልጅ ልጇ፥ ሦስተኛይቱ ኢየሩሳሌምን ተሳልማ ስለ መመለሷ ተናገረች። የጉልበት ሕመም ነገርማ ለብቻው የቀኑን እኩሌታ ወሰደብን።

በ1968 ዓ.ም. ወደ ዋሺንግቶን የሄደችው ጓደኛዬም ከልጇ ጋር መጥታ ነበር። በአዳሪነታችን ዘመን አልጋዋ ከአልጋዬ አጠገብ ነበረ። አሁን የመርሳት ደዌ ይዟታል። የሌሎቹን ስም አንዱንም አላስታወሰችም፤ እኔን ግን ባየች ጊዜ በስሜ ጠርታ፥ «ደወሉ ተደወለ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ወዲያውም እጄን ይዛ፥ ካረፈ ስድስት ዓመት የሆነውን ባሏን፥ «ወዴት ቀረ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጅቱ ወደ እኔ ተመለከተች። እውነቱ በተነገራት ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ እንደምታለቅስ አስቀድማ ነግራኝ ነበርና፥ «መንገድ ላይ ነው፤ ይመጣል» አልኋት። እርስዋም ደስ ብሏት ቡናዋን ጠጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት እየነቃሁ ያን ቃሌን አስባለሁ። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ፥ ሁለት ጊዜም ሳልናገር ተመለስሁ። ትናንት ልጅቱ ከዋሺንግቶን ደውላ ነበር። እናቷ ማን እንደ ነገራት ረስታ፥ «መንገድ ላይ ነው ብለውኛል» እያለች በመስኮት ትመለከታለች አለችኝ።